ከውቅያኖሱ በፊት የመጣው አውሮፕላን

ስም አልጠራም። በሕይወት ያለን ሰው ስም አንስቼ በዚህ ዕድሜዬ መካሰስ አልፈልግም፤ የሞተንም ጠርቼ ልጆቹ በሬን እንዲያንኳኩ አልሻም። ሰፈሬ ኮልፌ ቀራኒዮ ነው። ይህን ካልኩ ይበቃል፤ የሚያውቀን ያውቀናል፣ የማያውቀን ደግሞ ማወቁ አይጠቅመውም።

የምጽፈው ስለ እድራችን አዳራሽ ግድግዳ ነው። ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆች ጭቃ ሲያቦኩ እናቶች ተማረሩ። እድሩም ተሰብስቦ፣ አዳራሹ ከለቅሶ እስከ ለቅሶ ባዶውን ከሚውል ልጆች ይማሩበት ብሎ ወሰነ። ታላላቆቹን የሚያስጠኑ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተገኙ። ታናናሾቹን የሚፈልግ ግን ጠፋ። እኔ ጡረተኛ አስተማሪ ነኝ፤ ዕድሜዬን ከጠመኔ ጋር ነው የጨረስኩት። ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ፤ እኔም እሺ አልኩ።

ምን እንደማስተምር የነገረኝ ስላልነበረ ራሴ መረጥኩ። የሰው ልጅ እንዴት መብረር እንደቻለ ልነግራቸው አሰብኩ።

አንዲት እናት በር ላይ ይዛኝ፣ "እትዬ፣ ማባዛት ብታስጠኗቸው አይሻልም?" አለችኝ።

"ማባዛት የትም አይሄድም፤ መስከረም ላይ ይጠብቃቸዋል" አልኳት።

የመረጥኩበት ምክንያት የራሴ ነው። ያደግኩት ከጦር ኃይሎች ወረድ ብሎ፣ ሰዉ ዛሬ አሮጌው አየር ማረፊያ ከሚለው ሜዳ አቅራቢያ ነው። እኔ ነፍስ ሳውቅ ትልልቆቹ አውሮፕላኖች ወደ ቦሌ ሄደው ነበር፤ ትንንሾቹ ግን ይመጡ ነበር። ቤታችን አጠገብ ሲደርሱ ዝቅ ይላሉ፣ ሆዳቸው ይታያል። እናቴ ዶሮዎቼን አስበረገጉብኝ ብላ ስትረግማቸው፣ እኔ አንገቴ እስኪያመኝ ቀና ብዬ እቀራለሁ። የሚገርመኝ ከፍታው አልነበረም። የሚገርመኝ ክንፉን አለማራገቡ ነበር። ጭልፊት እንኳ አንዳንዴ ታራግባለች። ይህ ብረት ምንም ሳያራግብ እንዴት አይወድቅም? አባቴን ብጠይቀው "የፈረንጅ ሥራ ነው" አለኝ። የኔታን ብጠይቃቸው "ፈጣሪ ሲፈቅድ ነው" አሉኝ። ሁለቱም መልስ አልነበሩም። መልስ ያልሆነ መልስ የሰጠኝን ሰው እስከ ዛሬ አልረሳም፤ ብዙ ናቸው።

የመጀመሪያውን ቀን በከረጢት ጀመርኩ። የፌስታል አፍ ወደታች ይዤ ከሥሩ ሻማ አበራሁ፤ ፌስታሉ ተነፋ፣ ከእጄም ሊያመልጥ ቃጣው። ልጆቹ ጮኹ። ከዚያ ነገርኳቸው። ከብዙ ዘመን በፊት በፈረንሳይ አገር ወረቀት የሚሠሩ ሁለት ወንድማማቾች ትልቅ የጨርቅና የወረቀት ከረጢት ሰፍተው በእሳት ሙቀት ሞሉትና ወደ ሰማይ ላኩት። ሰው ቢሳፈርበት ምን እንደሚሆን የሚያውቅ አልነበረም። ስለዚህ በቅርጫት በግ፣ ዳክዬና አውራ ዶሮ ተሳፈሩ።

"በጓ ሞተች?" አለ አንዱ።

"በደህና ወረደች።"

"ከዚያ አረዷት?"

"አላረዷትም። ንጉሡ በግቢያቸው እንድትኖር አደረጉ ይባላል።"

"ዶሮውስ?"

"ዶሮው ክንፉ ተጎድቶ ተገኘ። ሰዉ ከፍታው ነው የጎዳው ብሎ ደንግጦ ነበር፤ ለካ በጓ ረግጣው ነው።"

"እንደ ታክሲ ነዋ፤ ሦስት ሰው ሲሆኑ አንዱ ይረገጣል" አለ ከኋላ የተቀመጠው። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ፤ እኔንም ሳቄ አመለጠኝ።

በሳቁ መሃል ያልሳቀች አንዲት ልጅ ነበረች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አባቷ ከጦር ኃይሎች አስኮ ሚኒባስ ይነዳል፤ ቤታቸው ከአዳራሹ አጥር ጋር የተያያዘ ነው። ቅንድቧን ሰብስባ፣ "ዳክዬዋን ለምን ጫኗት? ዳክዬ እኮ ድሮም ትበራለች" አለች።

በአስተማሪነት ዘመኔ ይህን የጠየቀኝ ልጅ አልነበረም። እውነት ለመናገር እንዲህ ያለ ጠያቂ እንዲመጣ ዓመታት ስጠብቅ ነበር። "ዳክዬ ከፍታ ለምዳለች" አልኳት። "ስለዚህ ዳክዬዋ ብትታመም ጥፋቱ የከረጢቱ ነው ማለት ነው። በጓ ብቻ ብትታመም ግን የከፍታው ነው። ዳክዬዋ የተጫነችው ሁለቱን ለመለየት ነው።"

ልጅቷ ትንሽ አሰበችና፣ "እሺ፣ ገባኝ" አለች። የምወደው ቃል ነው።

እንዲህ እያልን ክረምቱን ገፋነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ድምፄ አይሰማም፤ ያን ጊዜ ዝም ብለን እንቀመጣለን፣ ሲያባራ ካቆምንበት እንቀጥላለን። ከጉብታ ላይ እየሮጠ በእጅ በተሠራ ክንፍ ይንሳፈፍ ስለነበረው ሰው ነገርኳቸው። ደጋግሞ ተንሳፍፎ፣ በመጨረሻ ነፋስ ገልብጦት ወድቆ እንደሞተም አልደበቅኳቸውም። ስለ ሁለቱ ብስክሌት ሠሪ ወንድማማቾችም ነገርኳቸው።

"ብስክሌት? ጎማ የሚነፉ?"

"ጎማም ይነፋሉ፣ ሰንሰለትም ይቀጥላሉ። ሚዛን መጠበቅን ከብስክሌት ነው የተማሩት። ብስክሌት ካልጋለብከው ይወድቃል፤ አውሮፕላንም እንደዚያ ነው፤ ዝም ብለህ አትቀመጥበትም፣ እያስተካከልክ ነው የምትሄደው።"

የእነሱ የመጀመሪያ በረራ ከአዳራሹ በር ተነስቶ ታክሲ ፌርማታው ጋ እንኳ እንደማይደርስ ስነግራቸው አላመኑኝም። ዝናቡ ሲያባራ ወጥተው ለኩት። የተመለሱት ጭቃ በጭቃ ሆነው ነው። የወንድማማቾቹ እህት አስተማሪ እንደነበረች፣ ሱቁን ትጠብቅላቸው እንደነበር፣ አንደኛው ወድቆ ሲሰበር ክፍሏን ትታ እንዳስታመመችው ጨመርኩላቸው። የወንድሞቿን ስም ዓለም ያውቀዋል። የእሷን ለልጆቹ አስጠናኋቸው። እዚህ አልጽፈውም፤ ስም አልጠራም ብያለሁ።

በዚህ መሃል ነው እሳቸው የመጡት።

የእድራችን ዳኛ ናቸው። ሰፈሩ ግን አሁንም "ዳይሬክተሩ" ነው የሚላቸው፤ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩና። የእኔ ትምህርት ቤት፣ የእኔ ዳይሬክተር። ሰማንያን ነክተዋል፤ ጃንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ ይዘው ይሄዳሉ። አንቱ እያልኩ የምጽፈው ስለማከብራቸው አይደለም፤ እናቴ ያሳደገችኝ እንዲያ ስለሆነ ነው።

ልጆቹ ፌርማታውን ሲለኩ አይተዋል መሰለኝ ደስ ብሏቸው ገቡ። "ይሄማ ግድግዳ ላይ መሳል አለበት" አሉ። "ለእንቁጣጣሽ አባላት ሲሰበሰቡ ያዩታል። እኔ ያለቀለት ነገር አለኝ።" በማግስቱ የተጠቀለለ ሸራ ይዘው መጡ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

ሸራውን አወቅሁት። ጠርዙ ተበልቷል፣ ቀለሙ ደብዝዟል፣ ቁጥሮቹ ግን እንዳሉ ናቸው።

ያን ጊዜ ወጣት ነበርኩ፤ አራተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምር ነበር። የበረራን ታሪክ በሥዕል የሚያሳየውን ይህን ሸራ ያሠሩት ዳይሬክተሩ ናቸው። የውጭውን ታሪክ ከውጭ መጽሐፍ፣ የሀገራችንን ከሀገራችን መጽሐፍ ገለበጡና ቁጥሮቹን እንዳሉ በአንድ መስመር ደረደሯቸው። የውጭው መጽሐፍ በፈረንጅ አቆጣጠር ይጽፋል፣ የእኛው በእኛ። ሁለቱ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት እንደሚራራቁ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፤ ግን ቁጥር አንዴ ግድግዳ ላይ ከወጣ የማን አቆጣጠር ነህ ብሎ የሚጠይቀው ይጠፋል። በሸራው ላይ የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ የገባው በ1921 ሆነ። አንድ ሰው ብቻውን የአትላንቲክን ውቅያኖስ ሳያርፍ በአውሮፕላን ያቋረጠው ደግሞ በ1927። በስድስት ዓመት ቀደምነው። እውነቱ ግን የእኛ 1921 በፈረንጆቹ 1929 ነው። ሰውየው ውቅያኖሱን ከተሻገረ ሁለት ዓመት አልፎታል።

ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች በመጡበት ቀን ዳይሬክተሩ ሸራውን በዱላ እየጠቆሙ አስጎበኙ። "እንደምታዩት ውቅያኖሱ ከመቋረጡ በፊት ሀገራችን አውሮፕላን ነበራት" ሲሉ እንግዶቹ አጨበጨቡ። እጄን አወጣሁ። "ይቅርታ፣ ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ አቆጣጠር አይደሉም" አልኩ። አንደኛው እንግዳ ሳቀ። በማን እንደሳቀ ዛሬም አላውቅም፤ ዳይሬክተሩ ግን በእሳቸው እንደሆነ ወሰዱት።

ሳምንት ሳይሞላ ሳይንስ ከእጄ ወጣ። አንደኛ ክፍል፣ የከሰዓት ፈረቃ፣ ልጅ በልጅ ላይ የተነባበረበት ክፍል ተሰጠኝ። ምክንያቱን ስጠይቅ "ለሥራው አመቺነት" ተባልኩ። ሳይንስ ጡረታ እስክወጣ አልተመለሰልኝም። ሀ ሁ ማስቆጠርን አልንቅም፤ ሀ ሁ የሌለው ሳይንስም የለውም። ግን ከሕፃንነቴ ጀምሮ ያ ብረት እንዴት እንደማይወድቅ ለማወቅ ነበር የተማርኩት። ለልጅ ለመንገርም።

ከዚያ ደግሞ ዕጣ አንድ ሰፈር አመጣን፣ አንድ እድር አስገባን። ባለቤቴ ሲሞት ድንኳኑን ያስተከሉት፣ ወንበሩን ያስደረደሩት እሳቸው ናቸው። ሦስቱንም ቀን ከድንኳኑ በር ተቀምጠው ለቀስተኛ ሲቀበሉ ዋሉ። የእድር ነገር እንዲህ ነው፤ የበደለህ ሰው ቀባሪህ ይሆናል፣ አይሆንም ማለትም አትችልም። በሦስቱ ቀን ውስጥ ስለዚያ ሸራ አንድ ቃል ቢተነፍሱ ኖሮ ምናልባት እተወው ነበር። አልተነፈሱም።

አሁን ሸራው ጠረጴዛ ላይ ነው። ግድግዳ ላይ ሊወጣ ነው፤ በዘይት ቀለም፣ በጎረቤት ልጆች ሁሉ ፊት። ምን እንደምፈልግ በዚያች ቅጽበት አወቅሁ። ቁጥሩ እንዲስተካከል እፈልጋለሁ፤ ከዚያም በላይ፣ ተሳስቼ ነበር የሚለውን ቃል ከእሳቸው አፍ፣ ልጆች ባሉበት መስማት እፈልጋለሁ።

ልጆቹ ሲወጡ ጠብቄ፣ "ጋሼ፣ ቁጥሩ እንደዚያው ነው" አልኳቸው።

"የቱ ቁጥር?"

"ያው ቁጥር።"

ቀና ብለው አዩኝ። "አንቺ ሴት፣ ይሄ ነገር እስከ ዛሬ አልለቀቀሽም?"

"እርስዎን ለቅቆዎታል?"

"ልጆቹ ሀገራቸው እንደቀደመች ቢያውቁ ምን ይጎዳቸዋል?"

"እንዳልቀደመች ቢያውቁስ?"

"ይጎዳል!" አሉ በጃንጥላው ወለሉን መትተው። "ልጅ ነው፣ አንገቱን ይደፋል።"

ለኮሚቴው አመለከትኩ። ኮሚቴው ሰማኝ፣ ራሱን ነቀነቀ። "እትዬ፣ ለስምንት ዓመት ብለን ዳኛ አናስቀይምም" አለኝ አንዱ፣ ስምንት ዓመት የእንቁላል ዋጋ ይመስል። ከኋላዬም "ቂም ይዛ ነው" ሲሉ ሰምቻለሁ። አዎ፣ ይዣለሁ። ቂም መያዜ ቁጥሩን ትክክል አያደርገውም፤ ስህተትም አያደርገውም።

ሰዓሊው ሥራ ጀመረ። የሱቅ ማስታወቂያና የሚኒባስ ጀርባ የሚጽፍ ጎልማሳ ነው፤ እጁ ጥሩ ነው። ከረጢቱንና በጓን ሣለ፤ በጓ ትንሽ ውሻ መሰለች እንጂ። ክንፍ የታጠቀውን ሰውዬ፣ ወንድማማቾቹን፣ ከዚያ የእኛን አውሮፕላን፣ ከዚያ ውቅያኖሱን።

ልጆቹን በጠቤ ውስጥ ላለማስገባት ከራሴ ጋር ተማምዬ ነበር። ልጅ አስታጥቆ ማዋጋት ነውር ነው። የእኛን አውሮፕላንና የውቅያኖሱን በረራ ታሪክ ያለ ዓመተ ምሕረት ነገርኳቸው። የእኛው አውሮፕላን ሲመጣ ሕዝቡ ወጥቶ እንደተቀበለው፣ ከዚያም ወጣቶች መብረር እንደተማሩ፣ ከእነሱም መካከል ሴት እንደነበረች አወራኋቸው።

"ሴት?" አለ ያ የታክሲ ቀልደኛ።

"ሴት።"

"ፈቃድ ማን ሰጣት?"

"አንተን አልጠየቀችም" አለችው የሚኒባስ ነጂው ልጅ፣ እኔ ሳልቀድማት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "እሷስ ውቅያኖስ አቋረጠች?" አለች።

"ጦርነት መጣ። ጣሊያን ገባ፣ ነገሩ ሁሉ ተቋረጠ።"

"ጦርነቱ ባይመጣስ?"

"አላውቅም" አልኳት። ለልጅ አላውቅም ማለት እኔን አያሳፍረኝም።

ጳጉሜን ልትገባ ጥቂት ቀን ሲቀር ሰዓሊው ቁጥሮቹን መጻፍ ጀመረ። ልጆቹ ከመሰላሉ ሥር ተኮልኩለው ያያሉ። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ እጄን አጣምሬአለሁ። በቀይ ቀለም 1921 ጻፈ፤ ጥቂት እርምጃ ሄዶ 1927 ጻፈ። ልጅቷ ቅንድቧን ሰበሰበች። ያቺን ቅንድብ አውቃታለሁ፤ አፌን ግን ዘጋሁ።

"ጋሼ፣ ይሄ 1921 የኛ ነው የነሱ?" አለችው ሰዓሊውን።

"አውሮፕላኑ? የኛ ነው፤ ባንዲራውን አታይም?"

"አውሮፕላኑን አይደለም። ቁጥሩ።"

"ቁጥር ቁጥር ነው፣ ማሚቱ። ሰው የለውም።"

"አለው እንጂ! እኔ የተወለድኩት በ2008 ነው። አባቴ ስልክ ላይ ደግሞ በ2016 ነው የተወለድኩት። በ2016 ግን የወንድሜ ክርስትና ነበር፤ ዳቦ ይዤ ሮጬ ወድቄአለሁ። ስለዚህ ወይ ሁለት ጊዜ ተወልጃለሁ፣ ወይ ሁለት ዓይነት ቁጥር አለ።"

ሰዓሊው ወደ ቁጥሮቹ ዞረ። ልጆቹ ጣት መቁጠር ጀመሩ። ሰባት ነው፣ ስምንት ነው ተባለ፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰባት፣ ከዚያ ወዲህ ስምንት ነው ብሎ አንዱ ለየው። አውሮፕላኑ የመጣው በነሐሴ እንደሆነ ከሸራው ጥግ አነበቡ። በ1921 ላይ ስምንት ደመሩ።

"ሃያ ዘጠኝ! ከሃያ ሰባት በኋላ ነው! የኛ ኋላ ነው!"

"ዝም በይ፣ አገር አትሽጪ!" አለ ቀልደኛው።

"እኔ ነኝ የሸጥኳት? ቁጥሩን ጠይቀው!"

ዳይሬክተሩ ጫጫታውን ሰምተው ገቡ። ልጆቹ ከበቧቸው፤ ሁሉም በአንድ ላይ ነው የሚያወራው፤ የልጅቷ ክርስትናና የዳቦው መውደቅ ሳይቀር ተነገራቸው። እሳቸው ግድግዳውን አላዩም፤ እኔን ነው ያዩት።

"አንቺ ነሽ ያስጠናሻቸው።"

"አይደለሁም።"

"ቲቸር ምንም አላሉም!" አለች ልጅቷ። "እኔ ነኝ ያገኘሁት። የልደቴ ነው።"

ያኔ ተነሳሁ። ጉልበቴ ስለሚያመኝ ለመነሳት ጊዜ ወሰደብኝ፤ አዳራሹ በሙሉ ጠበቀኝ። "እሷ ናት ያገኘችው" አልኩ። "እኔም አግኝቼው ነበር፤ ይቺን ሳክል ሳይሆን ሃያ ምናምን ዓመቴ ነበር። ያኔም ይኸው ሸራ ነው። እጄን አውጥቼ ተናገርኩ። በሳምንቱ ሳይንስ ማስተማር ተከለከልኩ፣ የከሰዓት ፈረቃ ተላክሁ፣ እስከ ጡረታዬ እዚያው ቀረሁ። የላኩኝ እኚህ ናቸው።"

ለዚህ ንግግር ስንት ዓመት ተዘጋጅቻለሁ። በልቤ ውስጥ ረጅም ነበር፣ ማሠሪያም ነበረው። ከአፌ ሲወጣ ግን ይህችው ሆነች። ልጆቹ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን ያያሉ። የሰማኝ መሆኑንም እንጃ፣ ሰዓሊው መሰላሉ ላይ ሆኖ ብሩሹን በጨርቅ ይጠርጋል።

ልጅቷ ወደ ዳይሬክተሩ ቀረበች። "ጋሼ፣ ለምንድን ነው የላኳቸው?"

በድፍረት አይደለም የጠየቀችው። ዳክዬዋ ለምን እንደተጫነች በጠየቀችበት ድምፅ ነው። እንዲያ ያለውን ጥያቄ በጃንጥላ ወለል መትቶ መመለስ አይቻልም። እሳቸውም ይህን ያወቁ መሰለኝ።

"እንግዶች ነበሩ" አሉ። "አፈርኩ።"

"ስለተሳሳቱ?"

"ስለተሳሳትኩ።"

"አሁንስ?"

"አሁንም አፍራለሁ።"

"እሺ፣ ገባኝ" አለች ልጅቷ።

የምፈልገው ይህ ነበር። ቃል በቃል። ልጆች ባሉበት፣ ከአፋቸው። ሲመጣ ምን እንደምል አስቤ አላውቅም ነበር። ይቅር ብዬአለሁ ብል ውሸት ነው። የከሰዓት ፈረቃው፣ ከሰዓት በኋላ በዚያ ክፍል ጣራ ሥር ያለው ሙቀት፣ በር ላይ ቆሜ ከጎን ክፍል የሚሰማኝ የሳይንስ ትምህርት፣ አንዱም አልተመለሰም። ግን ሰውየው አልዋሹም፤ ይህን መጻፍ ይገባኛል።

"ጋሼ፣ እና ምን ላድርግ?" አለ ሰዓሊው ከላይ። "ቀለሙ ሳይደርቅ ይነገረኝ።"

ዳይሬክተሩ በጃንጥላቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። "እሷን ጠይቃት። ማን ይቅደም ማን ይከተል እሷ ናት የምታውቀው።"

ነገርኩት። የውቅያኖሱ ሥዕል ወደ ፊት፣ የእኛ አውሮፕላን ከእሱ ቀጥሎ፤ ቁጥሮቹ ሁሉ በሁለቱም አቆጣጠር፣ የእኛው ከላይ የእነሱ ከታች። በእኛው አቆጣጠር 1919፣ ከዚያ 1921። ቀልደኛው አኩርፎ ጥግ ተቀመጠ። "ሁለት ዓመት ብቻ ነው የዘገየነው" አለችው ልጅቷ ልታጽናናው፤ "ታክሲ እንኳን ከዚያ በላይ ይዘገያል።"

ሰዓሊው በነጭ ቀለም ማጥፋት ሲጀምር ልጆቹ እኔን ረስተውኝ ስለ ውቅያኖሱ ሰው መጠየቅ ያዙ። እንዲህ ናቸው ልጆች፤ የአንድን ሰው ዕድሜ ልክ ነገር በአንድ እሺ ዘግተው ወደ ሌላው ያልፋሉ። መጀመሪያ ቅር አለኝ፤ ቆይቶ ቅሬታውን ለመያዝ ጊዜ አልሰጡኝም።

"ቲቸር፣ ብቻውን ከሆነ እንቅልፍ አልወሰደውም?"

"ሊወስደው ነበር። ከአንድ ቀን በላይ ነው ያለ ዕረፍት የበረረው። ማዕበሉ አጠገብ ዝቅ ብሎ ይበር ነበር፤ ነፋሱ ፊቱን እንዲመታው መስኮቱን አልዘጋውም።"

"ሽንት ቤትስ?"

"እሱን ቤታችሁ ሄዳችሁ አስቡት።"

"ቢወድቅ ማን ያየዋል?"

"ማንም።"

ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ዳይሬክተሩ አልሄዱም ነበር። ከበሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ፣ በለቅሶ ጊዜ በሚቀመጡበት ቦታ ተቀምጠዋል። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እኔ አንድ ነገር አይገባኝም" አሉ። "የዚያ አውሮፕላን ሥዕል መጽሐፍ ውስጥ አይቻለሁ። ከፊት ለፊቱ መስኮት የለውም። ነዳጁ ነው አሉ የጋረደው። ፊቱን ሳያይ እንዴት ነው ያን ሁሉ ባሕር የሄደው?"

ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ነው፤ ጥያቄው ግን ወደ እኔ ነበር። አብረን በሠራንባቸው ዓመታት ሁሉ፣ በሰፈርም፣ በድንኳንም፣ አንድ ነገር ጠይቀውኝ አያውቁም። አዘውኛል፣ ቀጥተውኛል፣ አጽናንተውኛል።

መልሱን አውቃለሁ። ወጣት ሳለሁ፣ ያን ሸራ ከማየቴም በፊት አንብቤዋለሁ። ዝም ማለት እችል ነበር፤ "ለሥራው አመቺነት ነው" ማለትም እችል ነበር፣ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

"ልጆች፣ ወደዚህ ጠጋ በሉ፤ ዝናቡ ሊበረታ ነው፣ ድምፄ አይሰማችሁም" አልኩ። "ወደፊት ማየት ሲፈልግ አውሮፕላኑን ትንሽ ወደ ጎን ያዞርና በጎን መስኮት አንገቱን አውጥቶ ያያል። መስታወት ያለው እንደ ቱቦ ያለ ነገርም ነበረው፤ በጎን በኩል ወጣ ብሎ የፊቱን ያሳየዋል። ባሕሩ ላይ ግን ፊት ለፊት የሚታይ ምን አለ? ውሃ ነው። የሚያየው የአቅጣጫ መሣሪያውን ነው፤ ሰዓቱን ያያል፣ ያሰላል፣ ያስተካክላል።"

የተናገርኩት ለልጆቹ ነው። እሳቸው አግዳሚያቸውን ትንሽ ወደ እኛ ሳብ አደረጉ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ ቀጠልኩ።